ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ጓንዡ እስኪደርስ ድረስ

ስሜ አበበ ነው እንበል። አገር ቤት ስሜ አስቸግሮኝ አያውቅም። ክፍል ውስጥ ሦስት አበበ ስለነበርን አንዱ "ቀዩ"፣ አንዱ "አጭሩ"፣ እኔ "ረጅሙ" እንባል ነበር። ነገሩ እዚያው አለቀ። የቻይናዋ ጓንዡ ከተማ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ግን የቻይንኛ መምህራችን ተራ በተራ ስም ታወጣልን ጀመር። እኔ ጋ ስትደርስ ብዙም አልተጨነቀች። "አ-ቤይ-ቤይ" ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ቻይናዊቷ ረዳቷ ሳቋን ዋጠች።

ለምን እንደሳቀች የገባኝ ከወር በኋላ ነው። ቤይቤይ ሕፃን የሚቆላመጥበት ስም ነው። የኛ "ማሙሽ" በሉት። ይባስ ብሎ በ2008ቱ የቤጂንግ ኦሊምፒክ ከአምስቱ የውድድሩ አሻንጉሊቶች አንዷ ቤይቤይ ትባል ነበር። ዓሣ ናት። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው። በኛ ብቆጥር ሰባት ስምንት ዓመት እቀንስ ነበር፤ ቪዛ ቢሮው ግን ቀልድ አያውቅም።) እኔ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ባሸነፈው ጀግና ስም የተጠራሁ ሰው ነኝ። ይህንን በተሰባበረ ቻይንኛ ላስረዳ ሞከርኩ። መምህራችን በጣም ደስ አላትና የእሱም ስም በቻይንኛ እንደኔው አቤይቤይ ተብሎ እንደሚጻፍ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም አልኩ። እሱ ከቻለው እኔም እችለዋለሁ።

ሁለተኛው ስሜ የአያቴ ነው። ቻይና የገባ የውጭ ሰው ሆቴል ካላረፈ በ24 ሰዓት ውስጥ የሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ መመዝገብ አለበት። ቻይኖች መጀመሪያ የቤተሰብ ስም፣ ቀጥሎ የራስ ስም ነው የሚጽፉት። የኔ ፓስፖርት ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የተቀመጡት አያቴ ናቸው። እሳቸው በሕይወታቸው ከደብረ ብርሃን ወዲያ ተሻግረው አያውቁም። ዛሬ ጓንዡ ውስጥ ባንክ ቤት ወረፋቸው ሲደርስ በድምፅ ማጉያ ይጠራሉ። የፈጣን ባቡር ትኬት በስማቸው ይቆረጣል። ባለፈው ወር የመብራት ሂሳብ በጊዜ አልከፈሉም ተብለው ተወቅሰዋል። ነፍስ ይማር፣ ጋሼ፤ ዕዳው የኔ ነው።

እኔ ብቻ ብሆን ምንም አልነበረም። እዚህ አገር ስሙ ያልተነካ የለም። አንድ ምሽት ዝናቡ ሲወርድ ታክሲ ውስጥ ገባሁና "ማክዶናልድስ" አልኩ። ሹፌሩ አልገባውም። ቀስ ብዬ ደገምኩለት። ጮክ ብዬ ደገምኩለት። ጩኸት የሚያስተረጉም ይመስል። በመጨረሻ በጣቴ አየር ላይ ሁለት ቢጫ ቅስቶች ሣልኩ። ቢጫ መሆኑን እንዴት እንደገለጽኩ አትጠይቁኝ። "ኦ! ማይዳንግላኦ!" አለና መሪውን አዞረ። በኋላ ሳጣራ ድርጅቱ ራሱ በ2017 የቻይና ኩባንያው የተመዘገበበትን ስም "ወርቃማው ቅስት" ብሎ ቀይሮት ኖሯል። ቤቶቹ ግን ማይዳንግላኦ እንደተባሉ ቀሩ። ስለዚህ እኔ አየር ላይ የሣልኩት ሕጋዊ ስሙን ነበር።

ከዚያ በኋላ የስም ጉዳይ በሽታ ሆነብኝ። ኮካ ኮላ "ከኮው ከለ" ይባላል፤ ለአፍ የሚጥም፣ ደስ የሚያሰኝ። የቤት ዕቃ ሻጩ አይኪያ "ዪጂያ" ነው፤ ለቤት የሚስማማ። መርሴዲስ "በንቺ"፣ ሽምጥ የሚጋልብ። ቢኤምደብሊው ደግሞ "ባኦማ"፣ የከበረ ፈረስ። ይሄኛው እንኳን ለኛ አዲስ አይደለም። ንጉሡን በፈረሳቸው ስም "አባ ዳኘው" ያልን ሰዎች ለመኪና የፈረስ ስም ቢወጣ ምን ይደንቀናል?

የደነቀኝስ የአገሮች ስም ነው። አሜሪካ "ሜይጓ" ትባላለች፣ ቆንጆ አገር። እንግሊዝ "ዪንግጓ"፣ የጀግና አገር። ጀርመን የምግባር አገር፣ ፈረንሳይ የሕግ አገር። እያንዳንዳቸው በሁለት ፊደል ተመርቀው ሄደዋል። ለኛ አምስት ፊደል ደረሰን፦ "አይ-ሳይ-አ-ቢ-ያ"። ብዙ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ፊደላቱን አንድ በአንድ መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈለግኩ። የመጀመሪያዋ ትርጉሟ አቧራ ነው። ግብፅም የምትጀምረው በእሷው ነው። ሁለተኛዋ ሰርቢያን ትጀምራለች። ሦስተኛዋ ሩሲያን። አራተኛዋ ቤልጂየምን። አምስተኛዋ እስያ ናት። ስንት ዘመን በአባይ የምንከራከራት ግብፅ እዚህም ቀድማን ከራስጌያችን ተቀምጣለች። በቻይንኛ የላይኛው ተፋሰስ አገር እሷ ናት።

አፍሪካስ? "ፌይዡ"። "ፌይ" ማለት "አይደለም" ነው። የአይደለም አህጉር። ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ስጠይቅ "ለድምፁ ብቻ ነው የተመረጠው፣ ትርጉሙን አትይ" ተባልኩ። እሺ። አሜሪካም ቆንጆ የሆነችው ለድምፁ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ታፔላ እንምጣ። አንድ የገበያ ማዕከል ገብቼ ወለሉ ሲጠረግ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቢጫ ማስጠንቀቂያ አየሁ። በአማርኛ ሲመለስ "እባክዎ በጥንቃቄ ይንሸራተቱ" የሚል ነው። ፎቶ አንስቼ ለአዲስ አበባ ጓደኞቼ ላክሁ። ሲስቁ አመሹ። "ይሄን ሰው አልጻፈውም፤ ኮምፒዩተር ነው" አልኳቸው፣ እንደ አዋቂ። ነገሩን ያብራራልኝ አብሮኝ የሚማር ቻይናዊ ነው። የቻይንኛው ጽሑፍ "ሺያኦሺን ዲ ኋ" ይላል። "ዲ" ብለህ ካነበብከው መሬት ነው፤ "ተጠንቀቅ፣ መሬቱ ያዳልጣል" ይሆናል። ያችኑ ፊደል "ደ" ብለህ ካነበብካት ግን የአኳኋን ምልክት ትሆንና "ተጠንቅቀህ ተንሸራተት" ይሆናል። ወዲያው ገባኝ። የኛ "ገና" አይደለም እንዴ! ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ "ቆይ፣ አልደረሰም" ነው። ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው። ኮምፒዩተር "ገና ነው" የሚለውን አንብቦ በግ ቢገዛ ልፈርድበት ነው?

በደረቅ ሸቀጥ መደርደሪያ ላይ ያየሁትን የእንግሊዝኛ ግሥ ግን አልነግራችሁም። እናቴ ታነበዋለች። "ደረቅ" እና "አድርግ" በአንድ ፊደል መጻፋቸው ነው ጉዱን ያመጣው ብላችሁ እለፉት።

የምግብ ዝርዝሩ ደግሞ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። "የባልና ሚስት ሳንባ ቁራጭ" የሚል አየሁና ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ። የቼንግዱ ምግብ ነው። ስሙ የመጣው በመንገድ ላይ ይሸጡት ከነበሩ ባልና ሚስት ነው፤ የበሬ ሥጋና ሆድ ዕቃ በቃሪያ ዘይት ተለውሶ ነው የሚቀርበው፤ ብዙውን ጊዜ ሳንባም የለበትም። ቀምሼው ወደድኩት። ዱለትና ምላስ ሰንበር በልቶ ያደገ ሰው ሆድ ዕቃን ሊጠየፍ አይገባም። "ጉንዳን ዛፍ ስትወጣ" የሚባልም አለ፤ የተፈጨ ሥጋ የተበተነበት ቀጭን ፓስታ ነገር ነው። "ምራቅ ዶሮ" አለ፤ ምራቅ የሚያስውጥ ለማለት ነው። መንግሥት በኦሊምፒኩ ጊዜ ከ2000 በላይ ለሚሆኑ ምግቦች ጨዋ የእንግሊዝኛ ስም አዘጋጅቷል። በ2017 መጨረሻ ደግሞ ለታፔላዎች እንግሊዝኛ የወጣው አገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ዋለ። ለኔ ዓይነቱ ፎቶ አንሺ ከባድ ኪሳራ ነው። ደግነቱ ሰፈሬ ገና አልደረሰም። የሚላላው ገና።

ስለ ምግብ ካነሳሁ ዓርብን ሳልናገር አላልፍም። "ቡ ያኦ ሮው" ማለትን፣ ማለትም "ሥጋ አልፈልግም" ማለትን መጀመሪያ የተማርኩት ለጾም ነው። ቶፉ አዘዝኩ። መጣ። ላዩ ላይ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ እንደ በርበሬ ተነስንሷል። "ሥጋ አልፈልግም ብዬ ነበር" አልኩ። አስተናጋጇ ሳህኑን በደንብ አየችው። "ይሄ ሥጋ አይደለም፤ ለጣዕም ነው" አለችኝ። ያዳነኝ ማን መሰላችሁ? የሙስሊሞቹ ኑድል ቤት። አገር ቤት ሥጋ ቤት በር ላይ መስቀሉን ሳላይ የማልገባ ሰውዬ፣ እዚህ ጨረቃዋን ሳይ ዕልል ልል ምንም አልቀረኝም። አሳማ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። "የላንዡ ኑድል" ይላል ታፔላው። ብዙዎቹ ባለቤቶች ግን የላንዡ ሰዎች አይደሉም፤ ከቺንግሃይ ክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው። እዚህም ስሙ ሌላ፣ ሰውዬው ሌላ።

የውጭ ስም ፍቅራቸው ደግሞ የሚጣል አይደለም። የጎልፍ ልብስ የሚሸጥ አንድ የታወቀ የቻይና ብራንድ አለ። በላቲን ፊደል የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ ቢ፣ አይ፣ ኢ፣ ኤም፣ ኤል፣ ኤፍ፣ ዲ፣ ኤል፣ ኬ፣ ኬ። አንብቡት እስቲ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሦስቴ ሞክሬ ምላሴ ታሰረ። ዋጋውን ሳየው ተፈታ። እዚሁ ጓንዡ የተመሠረተው ሚኒሶ የሚባለው የዕቃ መደብርም ለዓመታት የጃፓን መስሎ ሲሸጥ ኖረና በ2022 ይቅርታ ጠይቆ "ከእንግዲህ ቻይናዊ ነኝ" አለ። ከኛው ክፍለ ሀገር ሁይዡ አጠገብ አንድ ሙሉ የኦስትሪያ መንደር ከነቤተ ክርስቲያኗ ተቀድታ በ2012 ተመርቃለች። ሀንግዡ ውስጥ የኤፍል ማማ ያለው ሰፈር አለ። የማንሃታን፣ የካሊፎርኒያ ስም የያዙ ኮንዶሚኒየሞችን መቁጠር ትቻለሁ። ነገሩ ሲበዛ መንግሥት ራሱ ተቆጣ። በ2019 የሃይናን ደሴት ባለሥልጣናት መቀየር አለባቸው ያሏቸውን ባዕድ ስሞች ዝርዝር አወጡ። ከመካከላቸው "ቪየና" የሚባል ሆቴል አለ። ሆቴሉ "ስሜ በሕግ የተመዘገበ ነው" ብሎ ተከራከረ። ቪየና ነኝ ብሎ በቻይንኛ መከራከር እንዴት ደስ ይላል!

ይህን ሁሉ እየሳቅኩ የነገርኩት ሰው ሦስት ዓመት አዲስ አበባ መንገድ ሲሠራ የኖረ ቻይናዊ ጎረቤቴ ነው። ጨርሼ እስክስቅ ጠበቀኝ። ከዚያ ስልኩን አወጣ። ለካ እሱም ያነሳው ፎቶ አለ። የመጀመሪያው "ግሮሰሪ" የሚል ታፔላ ነው። "ወተትና እንቁላል ልገዛ ገባሁ" አለ። "ሦስት ቢራ ጠጥቼ ወጣሁ። እንቁላል አልነበረም።" ቀጠለ። "ሆቴል" የሚል ላይ ገብቶ አልጋ ሲጠይቅ ሽሮ መጣለት። ከዚያ የሰፈሮቻችንን ስም ትርጉም ይጠይቀኝ ጀመር። ፒያሳ? የጣሊያን። መርካቶ? የጣሊያን። ካዛንቺስ? የጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ ድርጅት አሕጽሮት። ሜክሲኮ? እዚህ ላይ ቀና አልኩ፤ ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ስላለች ለክብሯ የወጣ ስም መሆኑን አስረዳሁት። "እና አማርኛ የሆነ የለም?" አለ። "ሃያ ሁለት" አልኩት። ቁጥር ነው ብሎ አልቆጠረልኝም።

ይኸው ሰውዬ አዲስ አበባ ልጆች "ቻይና! ቻይና!" እያሉ ሲከተሉት እንደኖረ ነገረኝ። ጃፓናዊ ጓደኛውንም "ቻይና" ይሉት ነበር። እኔም በተራዬ እዚህ "ላኦዋይ!" እባላለሁ፤ የውጭ ሰው ማለት ነው። በስንቱ ዘመን ፈረንጅ ስንል ኖረን ፈረንጅ መሆን እንዲህ ነው ለካ! ይበልጥ ያሳቀኝ ግን ሌላ ነው። "አንተ አዲስ አበባ ሳለህ ኢትዮጵያውያኑን ምን ትሏቸው ነበር?" ስለው ትንሽ አሰበና "ላኦዋይ" አለ።

የተቀረው ኑሮ ደህና ነው። የምኖረው "3ኤ" የሚል ፎቅ ላይ ነው። አራት በቻይንኛ ከሞት ጋር ስለሚመሳሰል ሊፍቱ ከሦስት ወደ ሦስት ኤ፣ ከዚያ ወደ አምስት ይዘላል። ስልክ ቁጥሬ ውስጥ ሦስት አራቶች አሉ፤ ርካሽ ስለነበረ ገዛሁት። ሲያመኝ ሁሉም "ሙቅ ውሃ ጠጣ" ይለኛል። ሆዴን ሲያመኝ ሙቅ ውሃ። ጉንፋን ሙቅ ውሃ። ፍቅረኛዬ ስትለየኝም ሙቅ ውሃ ተባልኩ። እናቴ ቢያንስ ፌጦ ትጨምርበት ነበር።

ወደ ሺያኦቤይ እንሂድ። ሰፈሩ የአፍሪካ ነጋዴ መናኸሪያ ነው፤ እንጀራም ይገኝበታል። እዚያ መርካቶ ጫማ የሚያከፋፍሉ አንድ ጋሽዬ አሉ። በመጡ ቁጥር አስተርጓሚ እሆናቸዋለሁ። ባለፈው መጋቢት አንዲት የጫማ ባለሱቅ ጋ ሄደን ስድስት መቶ ጥንድ አዘዙ። "ስም ምን ይደረግበት?" አለች። እኔ ስሜት ውስጥ ገባሁ። "ጋሽዬ፣ አማርኛ ስም እናውጣለት። 'ጣና' እንበለው። 'ራስ ዳሽን' እንበለው።" በሐዘኔታ አዩኝ።

"የኔ ልጅ፣ ራስ ዳሽን የሚባል ጫማ አንተ ትገዛለህ?"

መልስ አጣሁ። ያደረግኩት ጫማ ላይ የማላውቀው የጣሊያን ስም ነበር።

"'ሮማኖ' በይልኝ" አሏት። እሷ ደግሞ ፊቷ ጨፈገገ። ለካ ለራሷ ሱቅ የሰየመችው ብራንድ የጣሊያን ስም ነው፤ እንዳይመሳሰልባት ፈርታ ነው። በቻይንኛና በአማርኛ አንድ ሰዓት ሙሉ የጣሊያን ስም ተሻሙ። አንድም ጣሊያን አልነበረም። በመጨረሻ "ሮማኒ" ላይ ተስማሙ።

ስንወጣ ባለሱቋ እጅጌዬን ያዘችኝ። "ፐንግዮ" አለችኝ፣ ወዳጄ ማለቷ ነው፤ "የናንተ ሰዎች ብዙ ይመጡልኛል። እንኳን ደህና መጣችሁ የሚለውን በናንተ ፊደል ላክልኝ። በሩ ላይ አሰቅለዋለሁ።" ደረቴን ነፋሁ። ቻይና ውስጥ በትክክለኛ አማርኛ የተጻፈ ታፔላ! በእንግሊዝኛቸው ስንት ዓመት ስስቅ ኖሬ ካሳ የምከፍልበት ቀን መጣ። ሜትሮ ውስጥ ቆሜ፣ በአንድ እጄ ብረቱን ይዤ፣ በአውራ ጣቴ ጽፌ ላክሁላት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጫማውን ልንረከብ ሄድን። ታፔላው ከሩቅ ያበራል። ቀይ መደብ፣ ወርቃማ ፊደል፣ ዙሪያውን መብራት። ሁለት ሐበሾች ፊት ለፊቱ ቆመው በየተራ ፎቶ ይነሳሉ፤ እየሳቁ። ደስ ብሏቸው ነው ብዬ ቀረብኩና አነበብኩት።

"እንኳን ደህና መቱ።"

ስልክ ላይ ስትጽፉ "ጡ" እንዲመጣ ትልቁን ፊደል መጫን አለባችሁ። ትንሹን ከተጫናችሁ "ቱ" ነው የሚመጣው። ይህንን ማንም ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።

ባለሱቋ እየሮጠች ወጣች። "ቆንጆ ነው አይደል? ሁሉም ፎቶ ያነሳዋል!" መብራቱን ጨምሮ ስንት እንዳወጣች ነገረችኝ። "ሃኦ፣ በጣም ቆንጆ ነው" አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ?

ጋሽዬ መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ። በእጃቸው የያዙትን ደረሰኝ አዩ። እንደገና ታፔላውን አዩ።

"እውነቷን ነው" አሉ። "በዋጋ መትታናለች።"

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "አንተ ልጅ፣ ይሄን ማነው የጻፈላት?"

"ኮምፒዩተር ነው፣ ጋሽዬ" አልኳቸው።